ቆቦ ላይ የጠፋችብኝ አህያ

አህያ ኖሮኝ አያውቅም። በግ እንኳ በወጉ አስሬ አላውቅም። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ለወሬ ማድመቂያ ብዬ አይደለም፤ ቆቦና ዋጃ መካከል ዛሬም ሲያዩኝ «ጋሼ፣ አህያህ ተገኘች ወይ?» የሚሉኝ ሰዎች ስላሉ ነው። አልተገኘችም። የምትገኝበት መንገድም የለም። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የተማርኩት ለትልልቅ ተማሪዎች ጂኦግራፊ ለማስተማር ነበር። ካርታ መስቀል፣ በረጅም ዱላ ወንዞችን ማሳየት፣ አልፎ አልፎ «ጸጥታ!» ማለት፤ ሕልሜ ይኸው ነበር። ደሴ ላይ የሚመድበን ሰውዬ ግን ወረቀቴን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ጓድ፣ አብዮቱ የሚገነባው ከሥር ነው» አለኝ። እኔም «ትክክል ነው ጓድ!» አልኩ። በዚያን ጊዜ «ትክክል ነው» ማለት ለጤና ጥሩ ነበር። ከሥር ሲል ከጉልበቴ በታች ያሉትን ማለቱ እንደነበር የገባኝ ቆቦ ወርጄ የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ስቆም ነው።

ቤቱ ከአንድ ባላባት የተወረሰ የማሽላ መጋዘን ነው። ባላባቱ ለቀዋል፤ ነቀዞቹና አይጦቹ ግን አዋጁ የደረሳቸው አይመስሉም። አንዲት መስኮት አለችው፤ ከመስኮቷ ማዶ ገበያተኛ አህያውን የሚያስርበት ትልቅ ግራር አለ። ውስጥ ደግሞ ጥንቅሽ የሚያኝኩ፣ አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው የሚጠርጉ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚያወሩ ሕፃናት አሉ። ማውራታቸው ባልከፋ፤ ችግሩ እኔ ግማሹን አለመስማቴ ነው።

ከልጆቹ የአንዱ፣ የሐጎስ፣ ቤተሰቦች ከአላማጣ በኩል የመጡ ናቸው፤ ቤታቸው የሚወራው ትግርኛ ነው። ሰይድን ያሳደጉት አያቱ ናቸው፤ አማርኛውን ጀምረው በመሃል ኦሮምኛ ጣል ያደርጉበታል፤ ሰይድም እንደሳቸው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሐጎስ እያለቀሰ «ማይ! ማይ!» ሲለኝ እናቱን የሚጠራ መስሎኝ «አብሽር፣ ትመጣለች» እያልኩ ሳባብለው አረፈድኩ። ልጁ ለካ ውሃ ጠምቶታል። ሰይድ ደግሞ ሊያግዘኝ ብሎ «ጋሼ፣ ቢሻን ነው እኮ የሚልህ!» አለኝ። እሱም በኦሮምኛ ውሃ ማለቱ ነበር፤ እኔ ግን ቢሻን የምትባል ልጅ ስም ጥሪ ላይ ፈልጌ አጣሁ። ደግነቱ ሐጎስ ተስፋ ቆርጦ ራሱ ወደ እንስራው ሄደ።

ከሁሉም ግን ያሳሰበችኝ ሐሊማ ናት። አባቷ አሊ አፋር ነው፤ ከቆላ ጨውና ቅቤ እያመጣ ቆቦ ይነግዳል። እናቷ የዋጃ ሰው ናት። አብራቸው የምትኖረው የእናቷ እናት እንደ ሰይድ አያት ኦሮምኛ ትቀላቅላለች፤ ቀን ቀን የምትጠብቃት ጎረቤት ደግሞ ትግርኛ ተናጋሪ ናት። እንግዲህ አንዲት ጥርሷን ገና ያልነቀለች ልጅ አራት ቋንቋ በላይዋ ላይ ሲዘንብ ምን ታድርግ? ሐሊማ ያደረገችው ዝም ማለት ነው። የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ትከትና እያኘከች ታየኛለች። ብጠይቃት ታኝካለች፤ ብለምናት ታኝካለች፤ ባስቃት እያኘከች በኀዘኔታ ታየኛለች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ይመር አንድ ቀን ሊጎበኙ መጡና አዩዋት።

«ይህቺ ልጅ ዲዳ ናት» አሉ። «ቦታው ለሚናገር ልጅ ይለቀቅ። ክረምት እስኪገባ ጠብቄ ካልተናገረች ትወጣለች።»

አሊን ጠርቼ ነገርኩት። ተቆጣ። «ዲዳ? ልጄ ዲዳ አይደለችም! እቤት ከፍየሎቹ ጋር ስታወራ ነው የምትውል።»

«በምን ቋንቋ?»

ሰውዬው እንደ ሞኝ አየኝ። «ከፍየል ጋር በምን ይወራል? በፍየል ነዋ።»

እኔ ደግሞ ፍየልኛ አልተማርኩም። ስለዚህ ተረት ላይ ወደቅሁ። መጀመሪያ «ተረት ተረት» ብዬ ስጀምር ግማሾቹ መለሱልኝ፣ ግማሾቹ ምን እንደምፈልግ አልገባቸውም። እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረኩላቸው። ተኙ። እውነቴን ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደጋግፎ ተኛ። በማግስቱ ስደግም ግን መሃል ላይ ተረቱ ጠፋኝ። «ከዚያ ጦጣዋ... ጦጣዋ...» ብዬ ጣሪያ ጣሪያ ሳይ ሰይድ «ዛፍ ላይ ወጣች!» ብሎ ጮኸ። ሐጎስም «ኣይፋልን!» ብሎ ተነሳ፤ አይደለም ማለቱ ነው። ሁለቱ ስለ ጦጣዋ ተጣሉ፤ ሌሎቹም ገቡበት። የተኛ አልነበረም።

ያን ቀን የገባኝን ነገር ማንም አላስተማረኝም፤ መርሳቴ ነው ያስተማረኝ። እኔ ስዘጋ እነሱ ይከፍታሉ። ስለዚህ ሆን ብዬ ቀዳዳ የበዛበት ተረት ልፈጥር ተነሳሁ። የገበያ ቀን ነበር። በመስኮቷ ባይ፣ ግራሩ ሥር አንዲት ግራጫ አህያ ቆማለች፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፤ ግራ ጆሮዋ ጫፉ ላይ ተቆርጧል። ምን አለፋኝ ብዬ እንዳለች ለተረቴ አነሳኋት።

«አንዲት አህያ ነበረችኝ» አልኩ።

የጥፋቱ ሁሉ ሥር ይህች «ኝ» ናት። «አንዲት አህያ ነበረች» ብል ኖሮ ይህን ወግ አታነቡም ነበር። ልጆቹ ግን «ነበረችኝ» ስል ዓይናቸው ፈጠጠ። መልኳን ነገርኳቸው፤ ግንባሯን፣ ጆሮዋን። «አንድ ቀን ጠፋች። እስቲ እንጥራት! በየቤታችሁ እንደምትጠሯት ጥሯት!»

«ኣድጊ! ኣድጊ!» አለ ሐጎስ። «ሀሬ! ሀሬ!» አለ ሰይድ። «አህያ! አህያ!» አሉ የቀሩት። መጋዘኑ ተናወጠ፤ አይጦቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመልቀቅ ያሰቡ ይመስለኛል። ወደ ሐሊማ ዘወር ስል ማኘኳን አቁማለች። አልተናገረችም፤ ግን አቁማለች! በደስታ አብዴ የቤት ሥራ ሰጠሁ።

«ዛሬ እቤታችሁ ሄዳችሁ ‹የጋሼ አህያ ወዴት ሄደች?› ብላችሁ ጠይቁ። በቤታችሁ ቋንቋ ጠይቁ፤ መልሱን ነገ አምጡ!»

በማግስቱ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ የሰፈሩ ሰው ደጄ ላይ ነበር።

«አላህ የተሻለ ይተካህ» አሉኝ አንድ አዛውንት እጄን ይዘው። «ዱዓ አድርገንልሃል።»

«ስለ ምኑ አባባ?»

«ስለ አህያዋ ነዋ! አብሽር፣ የሰው ልጅ ይበልጣል።»

«ኧረ ተረት ነው! አህያ የለችኝም!»

አዛውንቱ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው «ምስኪን፣ ተደናግጧል» አሉ።

እያንዳንዱ ልጅ ነገሩን እቤቱ ሲያደርስ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ አሻግሮ ነበርና፣ አህያዬ ድልድይ በተሻገረች ቁጥር ጭነት ጨምራለች። በሐጎስ ቤት ጅብ በልቷታል። በሰይድ ቤት እርጉዝ ናት። ከመስጊዱ ጀርባ ባሉት ቤቶች ደግሞ፣ ማን እንደጫናት እንጃ፣ የመንግሥት እህል ጭና ነው የጠፋችው። ይቺ የመጨረሻዋ ጓድ ይመር ጆሮ ገባች፤ አስጠሩኝ።

«ጓድ መምህር፣ አህያ ጠፍታብህ ለምን ለቀበሌው አላመለከትክም?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አህያዋ እኮ የለችም።»

«እኮ የለችም! ስለጠፋች አይደል የሌለችው?»

«ማለቴ፣ ከመጀመሪያውም የለችም።»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሌለችማ ይህን ሁሉ ቀን ደብቀኸናል ማለት ነው!»

አማርኛ እኔንም አልታደገኝም። ጓድ ይመር ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሊረዱኝ ብለው በድምፅ ማጉያ አስለፈፉልኝ። «የሰፊው ሕዝብ ልጆች መምህር የሆኑት ጓድ አንዲት ግራጫ አህያ ስለጠፋችባቸው፣ ያያችሁ ሁሉ አብዮታዊ ግዴታችሁን እንድትወጡ!» ከዚያ በኋላ ያለውን አትጠይቁኝ። የአገሩ ሰው ደግነት የሚያስፈራ ነው። ከሮቢት አንድ ዓይና አህያ መጣልኝ። ከጎብዬ አንካሳ መጣችልኝ። አንዱ ገበሬ አጥንቱ የወጣ ጥቁር አህያ እየጎተተ መጣ።

«ይሄ እኮ ወንድ ነው» አልኩት።

«ጋሼ፣ አሁን በዚህ ጊዜ ይመረጣል?» አለኝ ተቀይሞ።

ሁሉንም እየመረቅሁ መለስኩ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ግን መዋዕለ ሕፃናቱ ደጅ ላይ ቆሜ ሩቅ አቧራ ሲነሳ አየሁ፤ አሊ ነበር። ላቡ በፊቱ እየወረደ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ አንዲት ግራጫ አህያ ፊት ፊቱ እየነዳ መጣ። ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። ግራ ጆሮዋ ጫፉ ላይ ተቆርጧል።

«በዋጃ መንገድ ብቻዋን ስትሄድ አገኘኋት!» አለ። «ልጄን የሚያስተምር ሰው አህያው ጠፍታ እኔ እተኛለሁ?»

ገበያተኛ ሴቶች እልል አሉ። እኔ ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። ድምፅ ማጉያው ግራጫ አለ እንጂ ስለ ጆሮ አላነሳም። «ጆሮዋ መቆረጡን ማን ነገረህ?»

«ሐሊማ ናታ።»

«ተናገረች?!»

«አልተናገረችም። የራሷን ጆሮ ይዛ፣ በጣቷ እንዲህ ቆረጠችና አሳየችኝ። ግንባሯ ላይም አመድ ቀባች።»

ልቤ በደስታ ሊወጣ ነበር። ልጅቷ ቃል በቃል ሰምታኛለች! በደስታዬ መሃል አህያዋን ማሰናበት ረሳሁ፤ ሰዉም መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ አስሯት ተበተነ። አህያዋ አንገቷን ወደ ውስጥ አስገብታ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ፊደል ከ«ሀ» እስከ «መ» በላችው። ልጆቹ የዚያን ቀን እንደተማሩ ተምረው አያውቁም፤ «‹ለ›ን በላችው! አሁን ‹ሐ›ን!» እያሉ በሚገባ ቆጠሩላት።

ከሰዓት በኋላ የዋጃዋ እትዬ ዘሀራ መጡ። የአህያዋ ባለቤት ናቸው፤ ማሽላቸውን ለመሸጥ በየገበያው ቆቦ ይመጣሉ፤ ያን ቀንም ለገበያ መጥተው ገመዷ ተበጥሶባቸው ወደ ቤቷ ስትመለስ ነው አሊ መንገድ ላይ ያገኛት። በሩ ላይ ቆመው እኔን አዩኝ፤ አህያቸውን አዩዋት፤ ፊደሉ ከአፏ ላይ ይንጠለጠላል።

«ሌባ ብዙ አይቻለሁ» አሉ ድምፃቸውን ሳይቆጥቡ። «በድምፅ ማጉያ አስለፍፎ የሚሰርቅ ሌባ ግን ወላሂ አይቼ አላውቅም!»

አሊ ይህን ሰምቶ ከገበያው ሮጦ መጣ። «እኔ ያመጣሁትን ነው ሌባ የምትዪው? አህያዋ የጋሼ ናት! አንቺ ነሽ የሰረቅሽው!»

«እኔ? በእጄ ያሳደግኳትን?»

ዱላ ሊነሳ ሲል አብዮት ጥበቃዎች ደረሱ። አንደኛው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ «ጓድ መምህር፣ ወደ ሸንጎ» አለኝ። አህያዋም እንደ ማስረጃ ተያዘች። በቆቦ ዋና መንገድ አህያዋ ከፊት፣ እኔ ከኋላዋ፣ ከእኔ ኋላ ደግሞ ከተማው በሙሉ ሄድን። ከሩቅ ላየን በእርግጥም የአህያዋ ባለቤት ነበር የምመስለው።

የቀበሌው ሸንጎ ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ተሰየመ፤ ጓድ ይመር መሃል ተቀመጡ። እትዬ ዘሀራ ማሉ። አሊም ማለ። እኔ ተነስቼ «ተረት ነው» አልኩ።

«ተረት ከሆነ ጆሮዋን ከየት አመጣኸው?» አሉኝ ጓድ ይመር።

«በመስኮት አይቼ ነው።»

«አይተህ፣ ወደህ፣ አስለፈፍክ?»

«ያስለፈፉት እርስዎ ነዎት ጓድ...» ስል ከኋላ አንዳንዱ ሳቀ። ምላሴን ልውጣት ምንም አልቀረኝም። ከጎናቸው የተቀመጠው ካድሬ ጎንበስ ብሎ «የኢኮኖሚ አሻጥር» ሲላቸው ሰማሁት። ሳቁ እዚያ ላይ አለቀ። ያ ቃል ምን እንደሚያደርግ፣ በዚያ ቃል ወጥቶ ማን እንዳልተመለሰ ሁላችንም እናውቃለን። አስተማሪ ነኝ የሚል ሰው በተረት ሲታሰር ለእናቴ ምን ብለው ይነግሯታል?

«ልጆቹ ይጠየቁ» አሉ እትዬ ዘሀራ። «ልጅ አይዋሽም።»

ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። ጓድ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጆች፣ የጋሼ አህያ ጠፍታለች?»

«አዎዎዎ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው፤ ስጠይቅ እንዲመልሱ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

«ወዴት ሄደች?»

«ዝብኢ በሊዑዋ!» አለ ሐጎስ። ጅብ በላት ማለቱ ነው፤ አህያዋ ከጎኑ ቆማ ጆሮዋን ታወዛውዛለች።

«አልበላትም! ውርንጭላ ወልዳለች!» አለ ሰይድ።

ልጆቹ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። ግቢውም ተከፈለ። «ኧረ እርጉዝ አትመስልም!» የሚሉ ሽማግሌዎች አህያዋን ሊመረምሩ ተነሱ። እኔ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

በዚያ ጩኸት መሃል፣ ከልጆቹ ሰልፍ ጫፍ፣ ሰምቼው የማላውቅ ቀጭን ድምፅ ወጣ።

«ውሸት ነው!»

ሐሊማ ናት። ሻሿን ከአፏ አውጥታለች። ስንት ጸሎት አድርጌ የጠበቅሁት የመጀመሪያ ቃል ይኸው መጣ፤ የመጣውም ሊያሳስረኝ ነው። ካድሬው ወደ እኔ አየ። እትዬ ዘሀራ «ይኸው!» ብለው ሊያጨበጭቡ ነበር።

«ምኑ ነው ውሸት የኔ ልጅ?» አሉ ጓድ ይመር።

ሐሊማ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች። «ጋሼ ዳናን የለውም» አለች በአባቷ ቋንቋ። «ሀሬ የለውም። ኣድጊ የለውም። አህያ የለውም።» ጣቶቿን እያጠፈች ትቆጥራለች። «ተረት ነው። እኛ እንድንናገር ብሎ ነው። በመስኮት አያትና ተረት አደረጋት። ጋሼ ፍየልም የለውም። ዶሮም የለውም። ሚስትም የለውም።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ካድሬው ራሱ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ። እኔ አልሳቅሁም፤ እንባዬ መጥቶ ነበር። በአራት ቋንቋ ነጻ የወጣ ሰው እስከ ዛሬ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አሊ ደግሞ የሰው ትከሻ እየያዘ «ልጄ ናት! የኔ ልጅ ናት!» እያለ ግቢውን ይዞራል።

እትዬ ዘሀራ በየገበያው አህያቸውን መስኮቱ ፊት ለፊት እንደሚያስሩ ሲናገሩ ጉዳዩ ተዘጋ። ሐሊማን ጉንጯን ሳሟት፤ ለእኔም «አውፍ በለኝ» አሉና አህያቸውን ፈቱ። ከፈቱ በኋላ ግን አልሄዱም።

«እኔ ምልህ... በተረቱ ውስጥስ ምን ሆነች?»

«አልጨረስነውም እትዬ።»

«ሸንጎው ፍጻሜውን ሳይሰማ አይበተንም» አሉ ጓድ ይመር፤ ወንበራቸውንም ሳብ አደረጉ።

ፍጻሜ የለኝም። ወደ ልጆቹ ዞርኩ። ሐጎስ ከጅቡ አልነቃነቅ አለ፤ ሰይድ ከውርንጭላው። ሐሊማ ሁለቱንም በእጇ ዝም አሰኘቻቸውና «አህያዋ ወለደች። ጅቡ ሊበላቸው መጣ። ከዚያ ጓድ ይመርን አየና ፈርቶ ሮጠ» አለች። ጭብጨባው አቧራ አስነሳ። ጓድ ይመር ጺማቸውን እያሻሹ «ይህቺ ልጅ መማር አለባት» አሉ፤ ስለ ቦታው ዳግመኛ አልተነሳም።

ከዚያ ወዲያ ሐሊማ ማውራት ጀመረች ብል ነገሩን ማቅለል ነው። ከሐጎስ ጋር በትግርኛ፣ ከሰይድ ጋር በኦሮምኛው፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ማንም ሲጠፋ ብቻዋን በአፋርኛ ታወራለች። አንድ ጠዋት አሊ ዓይኑ ቀልቶ በር ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ዝም የምትል ልጅ ነበር የሰጠሁህ።»

«ምን ሆንክ?»

«አታርፍም! ሚስቴ እንዳትሰማ በአፋርኛ ያወራሁትን፣ ልጅቷ በአማርኛ ትነግርልኛለች። ለአማቴ የደበቅሁትን በኦሮምኛ ታወጣዋለች። ጎረቤት እንዳይሰማ ሹክ ያልኩትን በትግርኛ አሰማችው። በቤቴ አንድ የተሸሸገ ነገር አልቀረኝም። እባክህ፣ ዝም የሚያሰኝ ተረት ካለህ አንድ ንገራት!»

«እንደዚያ ያለ ተረት አላውቅም» አልኩት። «ከፈለግህ ግባና ራስህ ፈልግ።»

ይቀየመኛል ብዬ ነበር፤ ገባ። ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ ትንሿ አግዳሚ ላይ ከሐጎስና ከሰይድ መሃል ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩን ሊነካው ነበር። የዚያን ቀን ተረት ከግመሉ ጋር ወንዝ ስለሞላበት ነጋዴ ነበር። «ከዚያም ነጋዴው ወንዙ ዳር ቆመና...» ብዬ እንደልማዴ ዘጋሁ።

«ውሃው እስኪጎድል ጠበቀ!» ብሎ አሊ ከልጆቹ ሁሉ ቀድሞ ጮኸ፤ እጁንም አወጣ።

ሐሊማ ቀስ ብላ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባ» አለችው፣ «ተራህ አይደለም።»